ራሳችንን ከሰው ጋር ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

ጎንደር ላይ ጥምቀት ሲቃረብ ቅዳሜ ገበያ መፈናፈኛ የለውም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ነውና ሁሉም አዲስ ልብስ ይፈልጋል። ደስ ይላል። ግን በዚያው ሰሞን የጓደኛውን ልብስ አይቶ ከቤት ለመውጣት የሚያፍር ልጅም አለ።

ማወዳደር በራሱ ነውር አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ሰው አቅሙን የሚለካበት ግልጽ መስፈሪያ ሲያጣ ራሱን ከሌላው ጋር ያስተያያል። የሚጎዳን አወዳደራችን ነው።

ፎቶን ከኑሮ ጋር ማስተያየት

አንዷ ፋሲል መዋኛ አጠገብ በጥልፍ ቀሚስ ፎቶ ትነሣና ቲክቶክ ላይ ትለጥፋለች። ቀሚሱ የተውሶ ይሁን፣ ማታ ከቤተሰቧ ተጣልታ ትደር፣ አናውቅም። እኛ ግን ያንን አንድ ፎቶ ከራሳችን የቤት ኪራይና የዕቁብ ዕዳ ጋር እናስተያየዋለን።

ልጅን በጎረቤት ልጅ መለካት

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣ ቀን ቡና ላይ «የእትዬ እንትና ልጅ ስንት አመጣ? አንተስ ምን ጎድሎብህ ነው?» ይባላል። እናት እልህ ይግባው ብላ ነው። ልጁ ግን «እሱን ብትሆን ኖሮ እወድህ ነበር» ያለችው ይመስለዋል። ከዚያ ወዲህ ውጤቱን ይደብቃል። ያልገባውን መጠየቅም ይተዋል፤ መጠየቅ አለማወቁን ያጋልጥበታላ! የግድ ማወዳደር ካለብዎት ከራሱ ጋር ያወዳድሩት። «ባለፈው ሒሳብ 48 ነበርክ፣ አሁን 61 አመጣህ፤ ምን ብታደርግ ነው?» ይበሉት። የዚህን መልስ ልጁ ያውቀዋል።

ዝቅ ያለውን እያዩ መጽናናት

«ከእሱስ እሻላለሁ» ማለት ለጊዜው ልብ ይሞላል። ያ ሰው የተሻለው ቀን ግን ልብዎ ይከፋል።

በአንድ ነገር ተበልጦ በሁሉም አነስኩ ማለት

አብሮ አደግዎ አዘዞ ላይ ቤት ሠራ እንበል። በቤት በለጠዎ፣ አለቀ። በሙያም በሰውነትም በለጠ ማለት አይደለም። ቅናቱ ከመጣብዎት ይደውሉለትና እንኳን ደስ ያለህ ይበሉት፤ እንዴት እንዳጠራቀመ፣ ከማን እንደተበደረ ይጠይቁት። ስንት ዓመት እንደለፋና ምን ምን እንደቀረበት ያን ጊዜ ይሰማሉ።