ደመወዝ ሐረጎን ሳይወርድ እንዳያልቅ

ደሴ እያደርኩ ኮምቦልቻ ቢሮ እሠራለሁ። ጠዋት ጃኬት ለብሼ እወጣለሁ፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ሞቃቱ ኮምቦልቻ ስንገባ ጃኬቱ ክንዴ ላይ ነው። ደመወዜም እንደዚያው ነው፣ መንገድ ላይ ይወልቃል።

መጀመሪያ ፋይናንስ ሄዳችሁ የደመወዝ ዝርዝራችሁን ጠይቁ። አትፈሩ። ጥቅሉ 9,000 ብር ነው እንበል። 7 በመቶ ጡረታ 630 ብር ይሆናል። ግብሩ በ2017 ተሻሽሏል፤ ደመወዛችሁ ከ7,000 በላይ እስከ 10,000 ከሆነ በ25 በመቶ አባዙና 850 ቀንሱ። እዚህ 1,400 ይመጣል። ስለዚህ እጃችሁ የሚገባው 6,970 ነው። ካነሰ "ይሄ ምንድን ነው?" በሉ።

እኔ አንድ ወር 300 ብር ጎድሎብኝ ጠየቅኩ። "መዋጮ ነው፣ ስብሰባ ላይ ተስማምታችኋል" ተባልኩ። ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ያጨበጨብኩት ሻይ መጣ ብዬ ነው! አሁን ቃለ ጉባኤ ሳላነብ አልፈርምም።

ደመወዝ የገባ ቀን፣ ፒያሳ ማኪያቶ ሳታዙ፣ ኪራይና የወር ትራንስፖርት ለዩ። ትራንስፖርቱን በዝርዝር ብር ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ፤ ስልክ ላይ ያለ ብር ቶሎ ይበናል። ምሳ ቋጥሩ። ሽሮ ከሆነ ክዳኑን በፌስታል እሰሩ፣ ጠመዝማዛው መንገድ አይምርም። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ከመጣ ወዲህ የአምናው በጀት ዘንድሮ አይሠራም፣ በየወሩ ከልሱት።

ንዴቱን ሚኒባስ ውስጥ አትተንፍሱት። ሹፌሩ ዜና ሲከፍት ሁላችንም ወደ መስኮት ነው የምናየው።