የአሉሚኒየምን የኦክሳይድ ሽፋን እድገት በቮልት ንባብ መከታተል

አሉሚኒየም አየር እንደነካው ከ2 እስከ 4 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ውፍረት ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል። ይህ ሽፋን በኤሌክትሪክ ኃይል እንዴት እንደሚወፍር ለማጥናት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የግድ አያስፈልግም፤ አዳማ ውስጥ ባለ መጠነኛ ቤተ ሙከራ እስከ 30 ቮልት የሚሰጥና ከረንት የሚገድብ የኃይል ምንጭ፣ መልቲሜትርና ሰዓት ይበቃሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ውሃው ይታሰብበት። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ የቧንቧውም በክሎሪን የታከመ ነው፤ ፍሎራይድ ሽፋኑን ሲያሟሟ ክሎራይድ ደግሞ ይበሳዋልና ለእጥበቱም ቢሆን ዲስቲልድ ውሃ ብቻ መጠቀም ይገባል። በአንድ ሊትር ውስጥ 31 ግራም ቦሪክ አሲድና 19 ግራም ቦራክስ ሲሟሟ ለገለልተኛነት የቀረበ፣ ሽፋኑን እምብዛም የማይበላ ፈሳሽ ይገኛል። በሰልፈሪክ አሲድ የሚገኘው ሽፋን ቀዳዳማ ስለሆነ ለዚህ ጥናት አይመረጥም።

ከበርና መስኮት ሠሪዎች የሚገኘው ቁርጥራጭ በቀላሉ እጅ ቢገባም ማግኒዢየምና ሲሊከን ያለበት ቅይጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቀድሞ የተቀባ በመሆኑ ንጹህ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ይሻላል። ናሙናው በ5 ከመቶ ኮስቲክ ሶዳ ለአጭር ጊዜ ይነከር፤ የሚፈላው አረፋ ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ነውና መስኮት ይከፈት፣ ጓንትና መነጽርም ይደረግ። ታጥቦ በናይትሪክ አሲድ ከጸዳ በኋላ 20 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ብቻ ክፍት ቀርቶ ጀርባው፣ ጠርዙና በተለይም የፈሳሹ ወለል የሚያርፍበት መስመር በጥፍር ቀለም ይሸፈን።

ናሙናው ከኃይል ምንጩ ፖዘቲቭ፣ የማይዝግ ብረት ደግሞ ከኔጌቲቩ ጋር ተያይዞ ሁለቱም በቦሪክ አሲዱና ቦራክሱ ፈሳሽ ውስጥ ይግቡ፤ ከረንቱም በ20 ሚሊአምፔር ይገደብ፤ ብዙዎቹ የኃይል ምንጮች ከዚህ ያነሰ ከረንት አጽንተው ስለማይዙ ነው ሰፊ ናሙና የተመረጠው። ቮልቱ በየ5 ሴኮንዱ ሲመዘገብ፣ ከመነሻው ዝላይ በኋላ በሴኮንድ 0.4 ቮልት ገደማ እየጨመረ ቀጥ ያለ መስመር ሊሰጥ ይገባል። ከረንቱ ሳይለወጥ እንዲያልፍ በሽፋኑ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ መጽናት ስላለበት፣ ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር ቮልቱ አብሮት ይወጣል፤ ለእያንዳንዱ ቮልት ከ1.2 እስከ 1.4 ናኖ ሜትር ስለሚታሰብ 30 ቮልት ላይ ውፍረቱ ወደ 40 ናኖ ሜትር ይጠጋል። መስመሩ ከጎበጠ ወይም ከተጋደመ ከፊሉ ከረንት ለሽፋኑ ሳይውል እየባከነ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠረጠሩትም ክሎራይድና የተላጠ የጥፍር ቀለም ናቸው።

30 ቮልት ላይ ምንጩ ቮልቱን አጽንቶ ሲይዝ ከረንቱ በፍጥነት መውረድ አለበት። ካልወረደ ናሙናው ወጥቶ በማጉያ መነጽር ይታይ፤ የተበሳው ቦታ ብዙውን ጊዜ ከጠርዙ አጠገብ ይገኛል።