የቤቲንግ ሕግ ሲሻሻል መደገም የሌለባቸው ስህተቶች

በቤቲንግ ሱስ የተያዙ ወጣቶችንና ቤተሰቦቻቸውን አማክራለሁ። የሕግ ማሻሻያ ሐሳብ በተነሳ ቁጥር የሚቀርበው መፍትሔ አብዛኛው በቅን ልብ የመጣ ነው። ግን አሁንም ስለ ቤቲንግ ቤት ነው የሚወራው። ጨዋታው ስልክ ውስጥ ከገባ ቆይቷል።

ቤት አሽጎ ሥራው አለቀ ማለት። ቤቲንግ ቤት ትምህርት ቤት አጠገብ መኖር የለበትም፣ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ቤቱ ሲመሽ ይዘጋ ነበር፣ ስልኩ አይዘጋም። ቤቱ በር ላይ የሰፈር ሰው ልጁን ያየው ነበር። አሁን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲጫወት ሲያድር እናቱ እንኳ አታውቅም።

ሁሉንም ጨዋታ በአንድ ዓይን ማየት። እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ቅዳሜ ፕሪሚየር ሊግ ላይ ቲኬት የቆረጠ ሰው ውጤቱን ለማወቅ ቢያንስ 90 ደቂቃ ይጠብቃል። እንደ አቪዬተር ያለውን ጨዋታ ደግሞ እዩት። አውሮፕላኗ ትነሳለች። ያስያዝከውን ብር የሚያባዛው ቁጥር 1.20፣ 1.75፣ 2.40 እያለ ይወጣል። ከመሰወሯ በፊት ካሽ አውት ካላደረግክ፣ ማለትም ብርህን ካላወጣህ፣ ብሩ ተበላ። ከሰከንዶች በኋላ ሌላ ዙር ይጀምራል። አንድ ወጣት አጠገቤ ተቀምጦ የሂሳብ ዝርዝሩን ከፈተልኝ። 50 ብር፣ 50 ብር፣ 100 ብር፣ 200 ብር፣ ወደ ታች ብወርድ ብወርድ አያልቅም። ሁሉም የአንድ ሌሊት ነው፣ ደመወዝ በገባ ማግስት። ይህን ልጅ “በኃላፊነት ተጫወት” ብሎ ማሰናበት ግፍ ነው! ጨዋታው ራሱ ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ ሕጉ ፍጥነቱን ይንካ። በአንድ ዙር የሚያዘው ብር ጣሪያ ይኑረው፣ በዙሮች መካከል ክፍተት ይኑር፣ የወር ኪሳራም ገደብ ይበጅለት። ይህ የሚሆን ነገር ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2021 የኢንተርኔት ስሎት (ምስሎች እየተሽከረከሩ የሚገጥሙበት ቁማር) አንድ ዙር ከ2.5 ሰከንድ እንዳያጥር አስገደደች። በ2025 ደግሞ የአንድ ዙር ጣሪያውን 5 ፓውንድ አደረገች፤ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 ለሆኑት 2 ፓውንድ ብቻ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2007 የስሎት ማሽኖችን ከየሱቁ አስወጥታ፣ በኋላ የኪሳራ ገደብ ባላቸው ተክታቸዋለች።

ዕድሜን በአንድ ክሊክ ማረጋገጥ። “ዕድሜዬ ደርሷል” የሚል ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ቁጥጥር አይደለም። የፋይዳ መታወቂያ አለ፣ ይጠየቅ። ገንዘብ የሚገባበትና የሚወጣበት አካውንትም በዚያው ስም ይሁን፤ አለበለዚያ ታናሽየው በታላቁ ስም ይጫወታል። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ራስን ማገድን ለየድርጅቱ መተው። አንድ አባወራ ልቡ ቆርጦ አካውንቱን አዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ከሌላ ድርጅት የቦነስ መልእክት ገባለት። መልእክቱን ያነበበችው ባለቤቱ ናት፣ እያለቀሰች ነው የመጣችው። ብሪታንያ ውስጥ ጋምስቶፕ የሚባል አሠራር አለ። አንዴ የተመዘገበን ሰው ፈቃድ ያላቸው የኢንተርኔት አቋማሪዎች በሙሉ ይዘጉበታል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ መቀላቀሉ ለድርጅቶቹ ግዴታ ነው። እኛም ዘንድ አንድ መዝገብ ለሁሉም ያስፈልጋል። መዝገቡ ውስጥ ላለ ሰው ማስታወቂያ መላክም በቅጣት ይከልከል።

ብድርን መርሳት። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2020 በክሬዲት ካርድ መወራረድን ከልክላለች። እኛ ጋ ብድር በስልክ በደቂቃ ይገኛል፣ ውርርዱም እዚያው ስልክ ላይ ነው።

ፈቃድ ያላቸውን ብቻ መቆጣጠር። ቴሌግራም ላይ ቢንጎ የሚያጫውቱ ቦቶች (በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ፈቃድም የላቸው፣ በርም የላቸው። መቆረጥ ያለበት የክፍያ መንገዳቸው ነው።

ገቢውን እያዩ ሕግ ማውጣት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ሙከራ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል። ግብሩ የሚነካው ያሸነፈውን ነው፤ እኔ ጋ የሚመጣው ግን የተበላው ነው። ብሔራዊ ሎተሪም ለዓመታት ራሱ ሎተሪ እየሸጠ ለሌሎች ፈቃድ ሲሰጥ ኖሯል። ሻጭና ተቆጣጣሪ ይለያዩ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ከአቋማሪዎች የግዴታ መዋጮ ሰብስባ ለሕክምና፣ ለመከላከልና ለምርምር ታውላለች። የእኛም ሕግ ለሕክምናና ለነጻ የስልክ መስመር የሚውለውን ድርሻ አዋጁ ላይ ያስፍር። “በመመሪያ ይወሰናል” ተብሎ አይታለፍ።