በአነስተኛ ቡድን የሕክምና ትምህርት መምህራን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በ1969 እ.ኤ.አ. የሕክምና ተማሪዎች በታማሚ ታሪክ ዙሪያ በትናንሽ ቡድን እየተወያዩ መማር ከጀመሩ ወዲህ ዘዴው በብዙ አገሮች፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ተለምዷል። ሆኖም ስምንት ተማሪዎችን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ብቻውን የቡድን ትምህርት አይሆንም።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት መምህሩ ውይይቱን ወደ ሌክቸር መለወጡ ነው። የበሰለ ሐኪም ተማሪዎቹ ሲሳሳቱ እየሰማ ዝም ማለት ይከብደዋል፤ «ላሳጥርላችሁ» ብሎ ማብራራት ሲጀምር ግን ሁሉም እስክሪብቶ ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከር አይገኝም። «ለምን እንዲህ አልሽ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ታማሚን የሚጎዳ ስህተት ግን ሳይታረም ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አይገባም።

ሁለተኛው ስህተት ከጥያቄው አቀራረብ ይመነጫል። «የሳንባ ነቀርሳ ምልክቶች ምንድን ናቸው?» ተብሎ ቢጠየቅ አንዱ ተማሪ በቃሉ የያዘውን ዘርዝሮ ነገሩ ይዘጋል፤ «ሦስት ሳምንት ያሳላት ሴት የአክታ ምርመራዋ ባክቴሪያ ባያሳይ ቀጥሎ ምን ታደርጋላችሁ?» የሚለው ግን ያከራክራል። ጠይቆ ወዲያው ራስ መመለስም ያው ጥፋት ነው። ተመራማሪዋ ሜሪ ባድ ሮው በሳይንስ ክፍሎች እንዳሳየችው፣ ከጥያቄ በኋላ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ይጠብቁ የነበሩ መምህራን ሦስት ሰከንድ ሲታገሡ የተማሪዎቹ መልስ ረዘም ያለና የታሰበበት ሆኗል።

የመማሪያ ዓላማዎችን፣ ማለትም ቡድኑ ሊያጠናቸው የወሰናቸውን ጥያቄዎች፣ እንደ ቅርጫ ሥጋ መከፋፈል ደግሞ የተማሪዎቹ የራሳቸው ስህተት ነው። በኔዘርላንድስ ማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ በተለመደው የሰባት ደረጃ አካሄድ፣ ተማሪዎቹ በስድስተኛው ደረጃ በየግላቸው አንብበው በሰባተኛው ያገኙትን ያነጻጽራሉ። አንዱ ፊዚዮሎጂውን፣ ሌላው መድኃኒቱን ብቻ አንብቦ ፓወርፖይንት ይዞ ቢመጣ ግን የሚነጻጸር ነገር የለም፤ እያንዳንዱም ያወቀው የራሱን ቁራጭ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቱተሩ፣ ማለትም ቡድኑን የሚመራው መምህር፣ በየስብሰባው ማጠቃለያ ሁሉም ሁሉንም ዓላማ እንዲያነብ አስረግጦ መንገር አለበት።

በአልጋ አጠገብ በሚሰጥ ትምህርት የሚፈጸመው ስህተት ከባድ ነው፦ ታማሚው እየሰማ ተማሪን ማዋረድ። የተሸማቀቀ ተማሪ አለማወቁን ይደብቃል፤ ታማሚውም በሐኪሞቹ ላይ ያለው እምነት ይሸረሸራል። የታማሚውን ፈቃድ ሳይጠይቁ ልብሱን መግለጥ፣ በፊቱ ስለ ካንሰር ጥርጣሬ በእንግሊዝኛ መወያየትም ከዚሁ ይመደባል፤ ቋንቋውን ባይረዳ እንኳ ፊታችንን ያነባልና፣ ክርክሩን ከክፍሉ ወጥቶ መቀጠል ይገባል።