በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ከነዋሪው ጋር እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ የዕቅዱን ወሰን ወስኑ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ሁለቱን የቦርከና ወንዝ ያያይዛቸዋል። ደሴ ዙሪያ ያለ ተዳፋት ሲራቆት ደለሉና ጎርፉ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሚወጣው ፍሳሽ ደግሞ ከብቱን ከኮምቦልቻ በታች ባለው የጨፋ ሜዳ ላይ የሚያሰማራውን አርብቶ አደር ይነካል። በከተማ አስተዳደር ወሰን ብቻ የተሠራ ዕቅድ አንዱ የሚጠቀምበትን፣ ሌላው የሚጎዳበትን ለውጥ አያሳይም። ስለዚህ ወሰኑ ተፋሰሱ ይሁን፤ ሁለቱ ከተሞች፣ ደሴ ዙሪያና ቃሉ ወረዳዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፤ የታችኛው ተፋሰስ ተወካይም ከመጀመሪያው ቀን ይጠራ።

ቀጥሎ መሬቱ ምን እንደነበረና ምን እንደሆነ የሚያሳይ ካርታ ይሠራል። የላንድሳት ሳተላይት ምስል በነጻ ይገኛል፤ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ 30 ሜትር ጥራት አለው፤ ማለትም አንዱ የምስል ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር መሬት ይሸፍናል። ሌላው ሳተላይት፣ ሴንቲኔል 2፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ 10 ሜትር ይሰጣል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የተነሳ አንድ ምስል የግድ ያስፈልጋል። የላንድሳት 7 ምስል ከ2003 እ.ኤ.አ. አጋማሽ በኋላ በመሣሪያ ብልሽት የተሸነተረ ነውና ለዋና ካርታ አትምረጡት።

የሚያሳስተው በብዛት ወቅቱ ነው። የጥር ምስል ላይ የታጨደ ማሳ ከግጦሽ መሬት አይለይም፤ የመስከረም ምስል ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ለእያንዳንዱ ዓመት ሁለቱንም ወስዳችሁ አስተያዩ፦ በመስከረም አረንጓዴ ሆኖ በጥር የተራቆተው በአብዛኛው ማሳ ነው፤ በሁለቱም አረንጓዴ የሆነው ዛፍ ወይም መስኖ ነው። በደጋው በልግ ስለሚዘራ የመጋቢትና የሚያዝያ ምስል የራሱ ትርጉም አለው። ባህር ዛፍን ከተፈጥሮ ደን ለዩ፤ ካልለያችሁት ካርታው «ደን ተመለሰ» ይላችኋል፣ የተመለሰው ግን በማሳና በግጦሽ መሬት ላይ የተተከለ ባህር ዛፍ ሊሆን ይችላል። ይህን መለየት የሚችለው የአካባቢው ሰው ነው። ለእያንዳንዱ የመሬት ዓይነት ቢያንስ 50 ቦታ መሬት ላይ ወርዳችሁ አረጋግጡ። የላንድሳት አንድ የምስል ነጥብ 900 ካሬ ሜትር ነው፤ ሩብ ሄክታር የሆነ ጥማድ ሦስት ነጥብ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በ30 ሜትር ምስል ስለ አንድ አባወራ ማሳ አትፍረዱ።

ቴክኒካዊ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር አለ። የቀድሞው የ1፡50,000 የመሬት ካርታ አዲንዳን በሚባል የቆየ የቦታ መለኪያ ሥርዓት የተሠራ ነው፤ የጂፒኤስና የሳተላይት መረጃ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው። ሳይቀየሩ ቢደራረቡ ወሰኑ 200 ሜትር ገደማ ይሸሻል፤ የአንዱ ማሳ በጎረቤቱ ላይ ይወድቃል፣ ጠብም ይመጣል። ሁለቱንም ወደ አንድ መለኪያ፣ አካባቢው ወደሚገኝበት የዩቲኤም ካርታ ዞን 37 ሰሜን፣ አምጡና በሚታወቅ ድልድይ ወይም መስጊድ ፈትሹ።

ካርታውን በ1፡5,000 አትማችሁ ወደ ሕዝቡ ውሰዱት። በዚህ መጠን አንድ ሴንቲ ሜትር 50 ሜትር ነው፤ አንድ ትልቅ የኤ0 ወረቀት 4 በ6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይይዛል። ሰው ማሳውን ሳያገኝበት ስለ ዕቅዱ አስተያየት መስጠት አይችልም። ስብሰባውን በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ብቻ አትያዙት፤ ሰው በነጻ የሚናገረው ቅሬው (የአካባቢው ዕድር) በሚሰበሰብበት ቦታ ነው። ዓርብን፣ እሁድንና የገበያ ቀንን፣ በረመዳን ደግሞ ከሰዓት በኋላን ተዉ። ሴቶች፣ መሬት የሌላቸው ወጣቶች፣ ከብት አርቢዎችና ባለይዞታዎች ለየብቻ፣ ከ8 እስከ 12 ሆነው ይቀመጡ፤ ሁለት ሰዓት ይበቃል። በአንድ ትልቅ ስብሰባ ሽማግሌዎች ከተናገሩ በኋላ ሌላው ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ ስምምነት ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ቀድሞ መጠየቅ ያለበት የወል መሬት ነው። ካርታ ላይ ባዶ ይመስላል፣ ለኢንቨስትመንትም ቀድሞ የሚታሰበው እሱ ነው፤ ላም የምታሰማራ፣ ሣር የምታጭድ እማወራ ግን ባዶ አለመሆኑን ታውቃለች። ማን፣ በየትኛው ወር፣ ለምን እንደሚጠቀምበት በካርታው ላይ ይጻፍ።

ለየትኛው ቦታ ምን ይሁን ሲባል ከተዳፋት ጀምሩ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ በተተካው የገጠር መሬት አዋጅ 456/1997 ተቀምጦ የነበረው መለኪያ ጥሩ መነሻ ነው፦ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይሆንም፤ ከ31 እስከ 60 በመቶ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው በእርከን ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ በዲግሪ የሚያወጣ ከሆነ 60 በመቶ 31 ዲግሪ ነው። ይህ ከተምታታ የጦሳ ተራራ ገደላገደል ሳይቀር ለእርሻ ይሆናል ይባላል።

ከዚያ ቢያንስ ሦስት አማራጭ አቅርቡ፤ አንዱ ብቻ ከቀረበ ምክክር ሳይሆን ማሳወቅ ነው። ለእያንዳንዱ አማራጭ ስንት ሄክታር ማሳ፣ የወል መሬትና የውኃ ዳር እንደሚሄድ፣ ሥራው ለየትኛው ቀበሌ ሰው እንደሚደርስ፣ ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ በአንድ ሰንጠረዥ ጻፉ። ኮምቦልቻ ፋብሪካውን አግኝታ ቃሉ ማሳውን፣ ደሴ አገልግሎቱን አግኝታ ደሴ ዙሪያ ውኃውን ብቻ የሚሰጡበት አማራጭ ሚዛናዊ አይደለም፤ ሰንጠረዡ ይህን ፊት ለፊት ያሳያል።

ነዋሪው የመመከር መብት እንዳለው ለማስረዳት ሕገ መንግሥቱ በቂ ነው፤ አንቀጽ 43 በልማት ላይ መሳተፍንና መመከርን፣ አንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፕሮጀክቶች ሐሳቡን መስጠትን ይደነግጋል። የተሰጠ አስተያየት ሁሉ ተቆጥሮ ይመዝገብ፤ አጠገቡ ተቀባይነት አግኝቶ እንደሆነና ካልሆነም ምክንያቱ ይጻፍ። ይህ ወረቀት በቅሬው፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ይለጠፍ፤ አንብቦ የማይረዳ ካለ ድምፅን ከፍ አድርጎ የሚያነብ ሰው ይመደብ።

የከተማ መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት ይሠራል፤ መሬቱ ግን ፕላኑን አይጠብቅም። ጥቅምት በመጣ ቁጥር ከአዲስ ምስል ጋር አስተያዩ፤ ከዕቅዱ ውጭ የተሠራውን በቦታውና በስፋቱ ለይታችሁ፣ ካርታውን አብሮ የሣለው የቀበሌ ኮሚቴ ባለበት ለወረዳውና ለከተማው በጽሑፍ አስገቡ።