ለጭነት አየር መንገድ አብራሪነት ሲጠየቁ የሚያስጥሉ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ለጭነት አየር መንገድ አመልክቶ ለቃለ መጠይቅ የተጠራ አብራሪ የበረራ ሰዓቱን አሟልቷል፣ ላይሰንሱን ይዟል፣ የሕክምና ማረጋገጫውን አድሷል። «መብረር ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከሞላ ጎደል ወረቀቱ ላይ ተመልሷል። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ካፒቴን በሆዱ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ውቅያኖስ መሃል፣ ከዚህ ሰው ጎን ብቀመጥ የሚነግረኝን አምናለሁ? ስለዚህ ብዙ ጎበዝ አብራሪ የሚወድቀው መሪ ላይ ሳይሆን የቃለ መጠይቁ ወንበር ላይ ነው።

የወደቁበትን ፈተና መደበቅ

ይሄ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ማመልከቻው «በማንኛውም ጊዜ፣ ማንኛውንም የበረራ ፈተና ወድቀው ያውቃሉ?» ይላል። አመልካቹ «የግል አብራሪነት ፈተና የወደቅሁት ከ10 ዓመት በፊት ነው፤ ማን ያስታውሰዋል?» ብሎ «አላውቅም» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። የሚያስታውስ አለ። ፈታኙ በጣላችሁ ቀን የሞላው የውድቀት ማስታወቂያ፣ ቅጽ 8060-5፣ ኦክላሆማ ሲቲ ወደሚገኘው የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን (ኤፍኤኤ) መዝገብ ቤት ሄዷል። ቀድሞ የሠራችሁበት አየር መንገድ ያስመዘገበው የሥልጠናና የዲሲፕሊን ታሪክ ደግሞ የአብራሪዎች መዝገብ ቋት ውስጥ አለ፤ ቀጣሪው ያንን ሳያይ አብራሪ አድርጎ ሊያሠማራችሁ ሕጉ አይፈቅድለትም። ጥያቄው ውስጥ ያለችው «በማንኛውም ጊዜ» የምትል ሐረግ ለጌጥ አልተጻፈችም።

ጉዳዩ ለምን እንዲህ እንደከረረ የሚያውቅ አመልካች ጥቂት ነው። በፌብሩዋሪ 2019 የአትላስ ኤር በረራ 3591፣ ቦይንግ 767 የጭነት አውሮፕላን፣ ከማያሚ ወደ ሂዩስተን ሲወርድ ቴክሳስ ትሪኒቲ ቤይ ውስጥ ተከሰከሰ። ተሳፍረው የነበሩት 3 ሰዎች ሞቱ። ያበር የነበረው ረዳት አብራሪ ነው። የጎ አራውንድ (ማረፉን ትቶ ዳግም ወደ ላይ የመውጣት) ማስነሻው ሳይታሰብ ሲነካ ግራ ተጋብቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ መሬት ደፋው። መርማሪዎቹ መዝገቡን ሲከፍቱ በቀደሙት ቀጣሪዎቹ ዘንድ የተደጋገመ የሥልጠና ውድቀት አገኙ፤ ከፊሉን ለአትላስ አልተናገረም ነበር። የምርመራ ቦርዱ ኤፍኤኤ የመዝገብ ቋቱን በጊዜ ባለማዘጋጀቱም ወቀሰው። እናንተን የሚጠይቀው ካፒቴን ይህን ሪፖርት አንብቦታል።

ነገሩ የሚያሳዝነው አንድ ወይም ሁለት ውድቀት ብዙውን ጊዜ ሥራ አለማሳጣቱ ነው። የሚያሳጣው ውሸቱ ነው፤ ወይም ያው ስህተት በየፈተናው መደጋገሙ። አነጋገሩ አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ የቱ ልምምድ ላይ ወደቃችሁ፣ የእናንተ ጥፋት ምን ነበር፣ ምን አደረጋችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ለወጣችሁ። «በመሣሪያ በረራ ፈተናዬ ከተፈቀደው ዝቅተኛ ከፍታ በታች ወረድኩ። ከፍታን ጮክ ብሎ የመጥራት ልማድ አልነበረኝም። ከአስተማሪዬ ጋር ሁለት በረራ ሠርቼ በሳምንቱ አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ 1,000 ጫማ ሲቀር ሁልጊዜ እጠራለሁ።» አለቀ። «ፈታኙ ክፉ ነበር»፣ «አየሩ ይንጥ ነበር» የሚል ቃል ከተጨመረ ግን አራቱም ዓረፍተ ነገሮች ይበላሻሉ።

ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት የራሳችሁን ፋይል ከኤፍኤኤ ጠይቃችሁ አስመጡ፣ ቋቱ ውስጥ ያለውንም ገብታችሁ እዩ። ጠጥቶ በማሽከርከር መያዝም እንዲሁ ነው፤ በ60 ቀን ውስጥ ለኤፍኤኤ መነገር ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ሳይነገር መቅረቱ ከጥፋቱ ይብሳል።

ስም፣ ዓመተ ምሕረትና የሰዓት ድምር

ለእኛ ሰው ብቻ የተዘጋጀ የሚመስል ወጥመድ። ፓስፖርቱ የአያትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርጋል፣ ላይሰንሱ የአባትን፣ ከአዲስ አበባ የመጣው የትምህርት ማስረጃ ሦስቱንም ይደረድራል። በዚያ ላይ «ፀ»ን አንዱ በቲ እና ኤስ፣ ሌላው በቲ እና ዜድ ይጽፈዋል። ኮምፒውተር ለዚህ አያዝንም፤ ሁለት ሰው አድርጎ ያያችኋል። ሁሉንም በፓስፖርቱ አጻጻፍ ማስተካከል ወራት ሊወስድ ስለሚችል ጥሪው ከመጣ በኋላ አይጀመርም።

ቀን ደግሞ አለ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ቅጹ ላይ 2008 ብሎ ሲጽፍ የሕይወት ታሪኩ ውስጥ የስምንት ዓመት ጉድጓድ ቆፈረ ማለት ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል። የአየር ማረፊያ ባጅ ለማውጣት የሚደረገው የወንጀል ማጣራት 10 ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሄድ የሥራና የመኖሪያ ታሪካችሁን ወር በወር ሞልታችሁ ያዙ፤ ሥራ አጥ የነበራችሁበትንም ወር ጭምር። ሥራ ማጣት ነውር አይደለም፣ ባዶ መስመር ግን ጥያቄ ይጠራል።

ሎግቡክ (የበረራ ሰዓት መመዝገቢያ ደብተር) ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ጥፋት «በአዛዥነት የበረርኩት ሰዓት» የሚለው ነው። የአሜሪካ ደንብ ቁጥር 61.51 ለአውሮፕላኑ ዓይነት ብቁ ሆኖ መሪውን ብቻውን የያዘ ሰው ሰዓቱን በአዛዥነት እንዲመዘግብ ይፈቅድለታል። አየር መንገዶች ግን በአብዛኛው የሚፈልጉት ለአውሮፕላኑ ፈርማችሁ ኃላፊነቱን የወሰዳችሁበትን ብቻ ነው። በካፒቴን ቁጥጥር ሥር ሆኖ ከቀኝ ወንበር የተበረረ ሰዓትም እዚህ አዛዥነት አይባልም። ትርጉሙ ማመልከቻው ላይ ተጽፏል፤ አንብባችሁ ቀንሱ። ማመልከቻው 2,350፣ ሎግቡኩ 2,318 ካለ 32 ሰዓቱ ምንም አይደለም፤ «ሌላስ ምን አስጠጋጋ?» የሚለው ነው ጣጣው። በኮምፒውተር የተያዘ ሎግቡክ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ ገጽ በገጽ ተፈርሞ፣ እያንዳንዱ ፈተና ያለበት ገጽ ላይ ባለ ቀለም ምልክት ተለጥፎበት ይቅረብ።

«ከካፒቴን ጋር ተጣልቼ አላውቅም»

«ከካፒቴን ጋር ያልተስማማህበትን አጋጣሚ ንገረን» የማይጠየቅበት ቃለ መጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። ታላቅን አክብሮ ያደገ ልጅ «ሁሉም ካፒቴኖቼ ጥሩ ሰዎች ነበሩ» ብሎ ይገላገላል። ጨዋነት ነው፤ ለጠያቂው ጆሮ ግን «ሲያጠፋ ዝም እልሃለሁ» ማለት ነው።

በዲሴምበር 1999 የኮሪያን ኤር በረራ 8509፣ ቦይንግ 747 የጭነት አውሮፕላን፣ ከለንደን ስታንስቴድ በምሽት ተነስቶ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ወደቀ። በካፒቴኑ በኩል ያለው የአውሮፕላኑን ማዘንበል የሚያሳየው መሣሪያ ተበላሽቶ ነበር። ረዳት አብራሪው ፊት ያለው ትክክለኛውን ያሳይ ነበር። ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ ጮኸ፣ የበረራ መሐንዲሱ «እያዘነበልን ነው» አለ፣ ረዳት አብራሪው አንድም ቃል አልተነፈሰም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት ኮክፒት ውስጥ አይሠራም።

ጥሩ መልስ ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ ጠየቅሁ፣ ቀጥሎ ያየሁትን በቁጥር ተናገርኩ፣ ቀጥሎ መፍትሔ አቀረብኩ፣ አልሆን ሲል «ጎ አራውንድ» አልኩ፣ ካረፍን በኋላ በእርጋታ ተነጋገርን። ካፒቴኑን አላዋቂ አታድርጉት፤ ጠያቂውም ካፒቴን ነው። «እንዲህ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አደርግ ነበር» የሚል መልስ አይቆጠርም፤ የተጠየቀው የሆነው ነው። «እኛ» ማብዛትም ይጎዳል። ራስን አለማግነን በቤታችን ያስመሰግናል፤ እዚህ ግን «እኛ ወሰንን» ሲባል ጠያቂው ማን እንደወሰነ ስለማያውቅ ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ያጣል።

ከሌላ አመልካች የተወሰደ ታሪክ ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛው ተከታይ ጥያቄ ላይ ይፈርሳል።

«ዕቃ አያጉረመርምም»

ለምን ጭነት መረጥክ ሲባል ይህን ቀልድ የሚናገር ሰው አሁንም ይገኛል። ጠያቂዎቹ ሰምተውታል። አብሮት የሚመጣው «ለጊዜው ነው፣ እስከ ተሳፋሪ አየር መንገድ...» የሚለው ዝንባሌም ፊት ላይ ይነበባል።

ሥራው የሌሊት ነው። ፌዴክስ ሜምፊስ ላይ፣ ዩፒኤስ ሉዊቪል ላይ ጭነቱን የሚለዩት እኩለ ሌሊት ገደማ ስለሆነ አውሮፕላኖቹ ማታ ገብተው ከንጋት በፊት ይወጣሉ። ከ2014 ጀምሮ ለተሳፋሪ አብራሪዎች የወጣው የዕረፍት ደንብ፣ ክፍል 117፣ ጭነት አብራሪዎችን አያስገድድም። ይህን ሳያውቁ መግባት ያሳፍራል። በኦገስት 2013 የዩፒኤስ በረራ 1354 ከንጋት በፊት በርሚንግሃም፣ አላባማ ሲያርፍ ያልተረጋጋ አፕሮች (ወደ ማረፊያው መቃረብ) ቀጥሎ ከመንደርደሪያው በፊት ወድቋል፤ በምርመራው ድካም ስሙ ተነስቷል፣ ረዳት አብራሪዋ የዕረፍት ጊዜዋን እንዴት እንደተጠቀመችበት ጭምር። ስለዚህ «ሌሊት አይከብደኝም» መልስ አይደለም። ቀን እንዴት እንደምትተኙ ተናገሩ፦ መጋረጃው፣ የሚጠፋው ስልክ፣ ከሥራ በፊት የምትወስዱት አጭር እንቅልፍ፣ ደክሟችሁ «አልችልም» ብላችሁ የምትደውሉበት ሁኔታ።

ከጀርባ ምን እንደተጫነ አለማወቅ

ኖቶክ፣ ማለትም አደገኛ ዕቃ ሲጫን ለካፒቴኑ የሚሰጠው ማሳወቂያ፣ ምን እንደሚይዝ የማይናገር አመልካች በዝቷል። የተባበሩት መንግሥታት መለያ ቁጥር፣ የዕቃው ስም፣ ምድቡ፣ መጠኑ፣ የተጫነበት ቦታ። ዩኤን 3480 ለብቻው የሚላክ የሊቲየም አዮን ባትሪ ነው፤ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ በተሳፋሪ አውሮፕላን እንደ ጭነት አይሄድም፣ በጭነት አውሮፕላን ይሄዳል፤ ማለትም ከእናንተ ጋር። ደረቅ በረዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ ከሕይወት ካላቸው እንስሳት ይራቃል።

ሁነኛው ጥያቄ የጭስ ነው፦ «ዋናው ወለል ላይ እሳት አለ የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ምን ታደርጋለህ?» አብዛኛው ሰው የማረጋገጫ ዝርዝር ማነብነብ ይጀምራል። መጀመሪያ የኦክስጅን ጭምብል 100 በመቶ ላይ፣ ቀጥሎ መነጽር፣ ቀጥሎ ከጎን ካለው ጋር መነጋገር መቻልን ማረጋገጥ፣ አውሮፕላኑን ማን እንደሚያበር መለየት፣ ወደ ቅርቡ ተስማሚ አየር ማረፊያ መዞር፤ ዝርዝሩ ከዚያ ይመጣል። ብዙዎቹ የጭነት አውሮፕላኖች ዋና ወለል ላይ ማጥፊያ የለም፤ እሳቱ የሚታፈነው አየሩን በመዝጋትና የውስጥ ግፊቱን በመልቀቅ ነው። ይህ ጊዜ ይገዛል እንጂ እሳቱን ላያጠፋው ይችላል። በሴፕቴምበር 2010 የዩፒኤስ በረራ 6 ሊቲየም ባትሪዎች ጭኖ ከዱባይ ተነስቶ እሳት ሲነሳበት ዶሃ ይቀርብ ነበር፣ ወደ ዱባይ ተመለሰ። የካፒቴኑ ኦክስጅን ተቋረጠ፣ ጭሱ መሣሪያዎቹን ጋረደ፣ ሁለቱም ሞቱ። ጠያቂው «ለምን ወደ ቅርቡ?» ካላችሁ መልሱ ይሄ ነው።

ስለ አጫጫን ደግሞ አፍጋኒስታን ውስጥ ባግራም ላይ የደረሰውን አደጋ ያስታውሱ፦ ኤፕሪል 2013፣ የናሽናል ኤርላይንስ 747። የታሰረ ወታደራዊ ተሽከርካሪ ተፈትቶ ወደ ኋላ ሲንሸራተት የጭራውን መቆጣጠሪያ አበላሸው፤ 7 ሰው ሞተ። «አጫጫኑ የጫኚው ጉዳይ ነው» የሚል መልስ እዚህ ላይ ያበቃለታል።

ከቦሌ የበረሩ ልጆች ደግሞ ያላቸውን ወርቅ አይጠቀሙበትም። ከ7,600 ጫማ በላይ ከፍታ ላይ አበባ ጭኖ መነሳት ምን ማለት እንደሆነ ኖረውታል፦ የእውነተኛ ፍጥነት መጨመር፣ የጎማ ፍጥነት ገደብ፣ የተቀነሰ የመነሻ ክብደት። ይህን ይዞ ከባሕር ጠለል ላይ ሆኖ በመጽሐፍ ካነበበው ሰው እኩል ዝም ማለት ምን ይባላል?

ቁጥር ማምታታት

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (አይካኦ) ደንብ የሰለጠነ ሰው የሆልዲንግ (አየር ላይ እየዞሩ ተራ የመጠበቅ) ፍጥነት ሲጠየቅ እስከ 14,000 ጫማ 230 ኖት ይላል። አሜሪካ ውስጥ እስከ 6,000 ጫማ 200፣ እስከ 14,000 ጫማ 230፣ ከዚያ በላይ 265 ነው። አልቲሜትር (ከፍታ መለኪያው) ላይ የአየር ግፊት የሚሞላው በኢንች ነው፣ ለምሳሌ 29.92፤ «ዘጠኝ ዘጠኝ ሁለት» ሲባል 29.92 ኢንች ይሁን 992 ሄክቶፓስካል አለመለየት ከፍታን በብዙ መቶ ጫማ ያሳስታል።

ሲሙሌተር ካለ፦ ትሪም አድርጉ፣ ማለትም መሪውን እየገፋችሁ እንዳትቆዩ አመጣጥኑት። ለየፍጥነቱ የሚሆነውን የአፍንጫ ማዕዘንና የሞተር ኃይል አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ አያስቀንስም። ለ3 ዲግሪ ቁልቁለት የመሬት ፍጥነትን በ5 ማባዛት ይበቃል፦ 140 ኖት ከሆነ 700 ጫማ በደቂቃ። የተሳሳታችሁትን ተናግራችሁ አስተካክሉና ቀጥሉ፤ ሦስት ደቂቃ የሚቆጭ ሰው አራተኛውን ስህተት ይጨምራል።

የቀሩት

ጥቁር ወይም ሰማያዊ ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ። የሬዲዮ ፈቃዳችሁን አትርሱ። ከሆቴል የሚወስዳችሁ ሹፌርም ሪፖርት ያደርጋል ብላችሁ ተጓዙ።

ጥያቄ አላችሁ ወይ ሲባል ደመወዝ አትጠይቁ። የፌዴክስን ውል አልፓ፣ የዩፒኤስን አይፒኤ የተባሉት የአብራሪዎች ማኅበራት ስለተደራደሩበት ጠያቂው ቢወዳችሁም አንድ ሳንቲም መጨመር አይችልም። ሥልጠናው ላይ አዲስ ሰዎች በብዛት የሚቸገሩት የቱ ጋ እንደሆነ ጠይቁት፤ ካፒቴን ይህን ሲጠየቅ ማውራት ይወዳል።