የአሮጌ ሞተር ብሎን ጥርስ እንዴት ይጸዳል?

ሞተር ፈትቶ የሚገጥም ሰው ብሎኑን ማጽዳት አይዘነጋም። የሚዘነጋው ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ነው። እኔም በዚሁ ምክንያት አንድ ደህና ብሎክ (የሞተሩን ዋና አካል) አበላሽቻለሁ።

ብሎኖቹን ሲፈቱ ካርቶን ላይ የቴስታታውን (ብሎኩ ላይ የሚታሰረውን የሞተሩን የላይ ክዳን) ቅርጽ ይሳሉና እያንዳንዱን በቦታው ይሰኩት፤ ርዝመታቸው ሊለያይ ይችላል። ናፍጣ ውስጥ አሳድረው በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉ፣ ያድርቁ። ከዚያ ደህና ዳዶ በእጅ እስከ ጥርሱ መጨረሻ ያዙሩበት። መሀል ላይ ከያዘ ብሎኑ ተስቧል ወይም ጥርሱ ተጎድቷል፤ ይጣል። አምራቹ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲታሰሩ የሠራቸው ደግሞ ቢያምሩም ተመልሰው አይገቡም።

ወደ ቀዳዳው ስንመጣ ብዙ ሰው ታፕ ያነሳል። እኔ አልመክርም። ታፕ አዲስ ጥርስ መቁረጫ ስለሆነ ከዝገቱ ጋር ደህናውን ብረትም ይልጣል፤ የሳሳ ጥርስ ደግሞ ሲጠብቅ ተላጦ ይወጣል፣ በተለይ አሉሚኒየም ላይ። ለጽዳት ብቻ የተሠራ ማጽጃ ካላገኙ ከዚያው ሞተር የወጣ አሮጌ ብሎን ይውሰዱና ጥርሱን ከላይ እስከ ታች በሦስት ቦታ በሴጌቶ ይሰንጥቁት፤ ሹል ጠርዙን በሞረድ ያለስልሱ። ቆሻሻው ስንጥቁ ውስጥ ይጠራቀማል። ሌላ ብሎን ከተጠቀሙ ግን ይጠንቀቁ፦ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሎን በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.25ም 1.5 ሚሊሜትርም ሊሆን ይችላል፣ ለዓይንም ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች በጣት ያስገቡ። ከዚያ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ። ሲከብድ አውጥተው ይጥረጉት።

የእኔ ብሎክ የተሰነጠቀው ከዚህ በኋላ ነው። ታችኛው ጫፉ ድፍን የሆነ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ቀርቶ ነበር። ብሎኑ ሲወርድ ዘይቱ መውጫ አጣ፤ ፈሳሽ ደግሞ አይታመቅም፤ የተሰነጠቀው የቀዳዳው ግድግዳ ሆነ። አሁን መከላከያ መነጽር አድርጌ፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ከብቤ፣ በኮምፕረሰር አየር አናፍሳለሁ። ቀጥሎ ቀጭን ሽቦ ላይ የጠቀለልኩትን ነጭ ጨርቅ እስከ ታች እሰዳለሁ። ጨርቁ እርጥብ ሆኖ ከወጣ እደግመዋለሁ።

ይህ ሁሉ ድካም ለቶርክ መፍቻው፣ ማለትም የምናጠብቅበትን ጉልበት ለሚለካው መፍቻ ሲባልም ነው። ከምናሳርፈው ጉልበት 90 በመቶ ገደማውን የሚበላው በጥርሱና በብሎኑ ራስ ስር ያለው ሰበቃ ነው። ጥርሱ ከቆሸሸ መፍቻው ሞላ ይላል፣ ቴስታታው ግን በሚገባ አልተጫነም።

ሲገጥሙ የሞተሩ መመሪያ ካዘዘ ጥርሱንና የራሱን ስር በስሱ ዘይት ይቀቡ። እስከ ውሃ መተላለፊያው የሚዘልቁት ብሎኖች ጥርስ ላይ ግን በዘይት ፋንታ ማሸጊያ ይደረጋል።